በቅሎ ወይስ ፈረስ? የጎንደር ሰው ሞተር ሲመርጥ

ጎንደር ውስጥ ሞተር ሳይክል ሊገዛ ያሰበ ወጣት ሻጩን መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ሲሲ ነው?" ብሎ ነው። ቀጥሎ "ስንት ይሮጣል?" ይላል። ሁለቱም የሜዳ አገር ጥያቄዎች ናቸው። ጎንደር ደግሞ ሜዳ የላትም። ከተማዋ በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ባለ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ስለሆነች፣ ከፒያሳ ወደየትም ይወጣ መንገዱ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት። ወደ ሰሜን ሲኬድ ደግሞ መሬቱ ራሱ ደረጃ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ትላለች፣ ደባርቅ ወደ 2,850 ትጠጋለች፣ ሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ ያለው ጭነቅ 3,600 አካባቢ ነው።

በዚህ አገር ሰው "ምን ልጋልብ?" እያለ ማሰብ ከጀመረ ወደ 400 ዓመት ተጠግቶታል። ያ ሁሉ ዘመን ያስተማረው ትምህርት ዛሬ ሞተር ለሚገዛ ሰው ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጥ ይጠቅማል። ትምህርቱን ረስቶ የገዛ ደግሞ የሚከፍለው በገንዘብ ብቻ አይደለም፤ አንዳንዱ በእግሩ፣ አንዳንዱ በነፍሱ ይከፍላል።

▪️ በቅሎ ለመንገድ፣ ፈረስ ለሜዳ

ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን መናገሻ ሲያደርጉ ከተማዋ የታላላቅ የንግድ መንገዶች መገናኛ ሆነች። አንዱ መንገድ በመተማ በኩል ወደ ሰናር ይወርዳል። ሌላው በደባርቅ አልፎ፣ የሊማሊሞን ገደል ወርዶ፣ ተከዜን ተሻግሮ በአድዋ በኩል ምጽዋ ይደርሳል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በየካቲት 1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው ከምጽዋ ተነሥቶ ይህንኑ ሊማሊሞን ወጥቶ ነው።

በዚህ መንገድ ላይ የሚታመነው ፈረስ አልነበረም። ሹሙም፣ ካህኑም፣ ነጋዴውም፣ እመቤቲቱም ረጅም መንገድ የሚሄዱት በበቅሎ ነበር። መኳንንት ሲዘምቱ እንኳ ራሳቸው በሰጋር በቅሎ ተቀምጠው ፈረሳቸውን ባዶውን ያስስቡት ነበር። ፈረሱ ላይ የሚወጡት ውጊያው ሲቃረብ ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ፈረስ ፈጣንና ግርማ ያለው ነው፤ ነገር ግን ቀለብ ይፈልጋል፣ ገደል ላይ ይደነግጣል፣ ቁልቁለት ያደክመዋል። በቅሎ እግሯን የምታሳርፍበትን ታያለች፣ ያገኘችውን ትበላለች፣ የጫኑባትን ትሸከማለች። የሰጋር በቅሎ ትልቁ ዋጋዋም ሩጫዋ አልነበረም። ሙሉ ቀን ተቀምጦባት የዋለ ሰው ማታ ወገቡን ሳያመው መውረዱ ነበር።

ክብሩ ግን ለፈረስ ተሰጠ። ዐፄ ቴዎድሮስ "አባ ታጠቅ" ተብለው በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ ሌሎችም ነገሥታትና የጦር አለቆች እንዲሁ። በበቅሎው ስም የተሞገሰ ጀግና አይሰማም። ስም የሚወጣው በፈረስ፣ አገር የሚታለፈው ግን በበቅሎ ነበር። አባቶች ይህን ሲለዩ አልተሳሳቱም። ፈረሱን ለጉግስና ለበዓል፣ በቅሎዋን ለመንገድ አደረጉ። የዛሬው ሞተር ገዥ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ለጉግስ የሚሆነውን ገዝቶ በየቀኑ ለሥራ ይነዳዋል።

▪️ የፈጣኑ ጦር ዕጣ

ሞተር ጎንደርን በኃይል የረገጠው መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። የኢጣሊያ ፋሺስት ፓርቲ ዋና ጸሐፊ የነበረው አኪሌ ስታራቼ በካሚዮን የተጫነ ጦር ይዞ ከኦምሐጀር ተነሣና ሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ጎንደር ገባ። ጦሩ በኢጣሊያ ጋዜጦች በፍጥነቱ ተወደሰ። በቅሎ ለብዙ ቀናት የምትለፋበትን አገር መኪና በጥቂት ቀን ጨረሰው ተባለ።

ከዚያ በኋላ ወራሪው መንገድ ሠራ። ከአስመራ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ወጥቶ በደባርቅ በኩል ጎንደር የሚገባው የመኪና መንገድ የዚያ ዘመን ሥራ ነው። የጎንደር ፒያሳ ሕንፃዎችም እንዲሁ። በዚህ መንገድ ላይ ካሚዮኑ፣ የመኮንኖቹ መኪናና የጦሩ ሞተር ሳይክል ይመላለስ ጀመር።

አምስት ዓመት አለፈ። በ1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ነጻ ወጥታ ንጉሠ ነገሥቱ ሲመለሱ፣ ጄኔራል ጉሊዬልሞ ናሲ የሚመራው የጎንደር ጦር ግን አልተበገረም ብሎ ቀረ። በሮቹን ይዟላ! በሰሜን ወልቅፊትን፣ በደቡብ ቁልቋል በርን። ነገር ግን ያ በፍጥነቱ የተወደሰ ጦር አሁን የሚሄድበት አልነበረውም። አርበኞች በእግርና በበቅሎ ዙሪያውን ይዘዋል፣ የእንግሊዝ ጦር መንገዱን ዘግቷል፣ የሚገባ ነዳጅና መለዋወጫ የለም። ወልቅፊት በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ። ቁልቋል በር በኅዳር ወር ከከባድ ውጊያ በኋላ ወደቀ። ኅዳር 18 ቀን ናሲ ራሱ እጅ ሰጠ። በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻው ትልቁ የኢጣሊያ ምሽግ በጎንደር ተዘጋ።

ከዚህ ታሪክ ለሞተር ገዥ የሚተርፍ አንድ ነገር አለ። ሞተር የሚሄደው መንገድ፣ ነዳጅና መለዋወጫ እስካለ ድረስ ነው። ከሦስቱ አንዱ ሲቆረጥ ፈረስ ጉልበት የሚባለው ሁሉ ብረት ሆኖ ይቀመጣል።

ጠላት ሲወጣ ቃላቱን ጥሎልን ሄደ። ዛሬም የጎንደር መካኒክ "ፍሬን ያዝ"፣ "ማርሽ ቀይር"፣ "ፍሪሲዮኑ አልቋል"፣ "ካንዴላ ይለወጥ" ሲል፣ ጎማ ለማስጠገን "ጎሚስታ ጋ ውሰደው" ሲል የሚናገረው ከጣሊያንኛ የመጣ አማርኛ ነው።

▪️ ከጦር አውሮፕላን ወደ ባጃጅ

ነገሩ እዚያ አላበቃም። በዚያ ጦርነት ለኢጣሊያ የጦር አውሮፕላን ይሠሩ ከነበሩት ፋብሪካዎች አንዱ ፒያጆ ይባላል። አገሩ ሲሸነፍ ፋብሪካው ሥራ አጣ። የአውሮፕላን መሐንዲሱ ኮራዲኖ ዳስካኒዮ ለተጎዳ ሕዝብ የሚሆን ርካሽ ነገር ንደፍ ተባለና በ1946 እ.ኤ.አ. ቬስፓ ሞተር ተወለደ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ቬስፓው ከኋላው ሁለት ጎማና የጭነት ሳጥን ተጨምሮበት "አፔ" ሆነ፤ በጣሊያንኛ ንብ ማለት ነው።

ሕንድ አገር የባጃጅ ቤተሰብ ኩባንያ እነዚህን ባለ ሁለትና ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪዎች ከ1948 ጀምሮ ያስመጣ ነበር። በኋላ ፈቃድ አግኝቶ ራሱ ማምረት ጀመረ። ያ ባለ ሦስት እግር ከብዙ ዓመት በኋላ ኢትዮጵያ ሲገባ የኩባንያው ስም የዕቃው ስም ሆኖ ቀረ፤ ባጃጅ። እነሆ ዛሬ ከአዘዞ እስከ ማራኪ፣ ከፒያሳ እስከ አውቶ ፓርኮ የጎንደርን ሕዝብ የሚያመላልሰው የዚያ ፋብሪካ የልጅ ልጅ ነው። በካሚዮን የመጣው ተባረረ፤ በሦስት እግር የመጣው የከተማው ሰው ሆነ።

ባጃጅ ያሸነፈበት ምክንያት ከበቅሎ ጋር አንድ ነው። ቀስ ይላል፣ ጥቂት ይጠጣል፣ ጠባብ መንገድ ይገባል፣ ሲበላሽ ሠፈር ውስጥ ይጠገናል።

▪️ የገጠሩ በቅሎ፣ ኤጂ 100

በ1940ዎቹ በደምቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ጨረሰ። ለጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ መመሥረት አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር። ኮሌጁ በ1947 ዓ.ም. ተከፍቶ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ማሠልጠን ጀመረ። ባለሙያ ማሠልጠን አንድ ነገር ሆኖ፣ እሱን ከታማሚው ቀዬ ማድረስ ሌላ ፈተና ነበር። ላንድሮቨር የማይገባበት ብዙ ቀበሌ አለ፤ እዚያ በእግርና በበቅሎ ይኬዳል።

ከጊዜ በኋላ ይህን ክፍተት የሞላው ሞተር ነው። የጤና፣ የግብርናና የእርዳታ ሠራተኛ የገጠር መንገድ ሲነሣ የሚታወሰው የያማሃ ኤጂ 100 እና ዲቲ 125 ነው። ኤጂ 100ን ያየ ሰው አይማረክም። 97 ሲሲ ብቻ ነው፣ መልኩም የአህያ ጭነት ይመስላል። ነገር ግን ለአውስትራሊያና ለኒውዚላንድ እርሻ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ስሙም ግብርና ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የተወሰደ ነው። ሰንሰለቱ ጭቃና አቧራ እንዳያገኘው ዙሪያውን ተሸፍኗል። ተዳፋት ላይ ለማቆም እንዲመች በግራም በቀኝም መቆሚያ አለው። ከፊትም ከኋላም ዕቃ ይጫንበታል።

ጉድለቱም መታወቅ አለበት። ሞተሩ ሁለት ምት፣ ማለትም ቤንዚንና ዘይት አብሮ የሚያቃጥል ነው። እንዲህ ያለ ሞተር ቁልቁለት ላይ ጋዝ ሲለቀቅ አይይዝም፤ ነጂው በፍሬን ላይ ብቻ ይንጠለጠላል። ለሊማሊሞ ዓይነት ቁልቁለት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዛሬ በገበያው የበዛው ባለ አራት ምት ሞተር በዚህ ይበልጠዋል።

▪️ ዛሬ ለሚገዛ

እንግዲህ ከፒያሳ ማራኪ፣ ከአዘዞ ፒያሳ በየቀኑ የሚመላለስና አልፎ አልፎ ቅዳሜና እሁድ ከከተማ መውጣት የሚፈልግ ሰው ምን ይምረጥ? አባቶች በቅሎ ሲገዙ የሚያዩትን ይይ።

አንደኛ፣ ዳገቱን ይይ። ሞተር የሚሠራው በአየር ነው፤ ከፍ በተባለ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። በግምት በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ወረቀቱ ላይ 12 ፈረስ ጉልበት የተጻፈለት 150 ሲሲ ሞተር ጎንደር ላይ ዘጠኝ ተኩል ገደማ ነው። ደባርቅ ላይ ስምንት ተኩል ይሆናል፣ ጭነቅ ሲደርስ ከስምንት ይወርዳል። 100 ሲሲ የሆነው ደግሞ ብቻውን ለሚሄድ ሰው ከተማ ውስጥ ይበቃል፤ ሰው ከኋላ አስቀምጦ የኮሶዬን ዳገት ሲወጣ ግን በአንደኛ ማርሽ ያለቅሳል። ስለዚህ ሁለቱንም ለሚፈልግ ከ125 እስከ 150 ሲሲ ያለው ልክ ነው። ካርቡራተር ያለው ሞተር ደባርቅ አካባቢ ቢያጨስና ቢያንቀው ቤንዚኑ ለአየሩ ስለበዛበት ነው፤ ጎበዝ መካኒክ ያስተካክለዋል። ነዳጁን በኤሌክትሮኒክ የሚረጨው ዓይነት ራሱ ያስተካክላል፣ ሲበላሽ ግን የሚነካው ሰው በየቦታው አይገኝም። ጉልበት የጎደለው ደግሞ ትልቅ ሞተር ሳይገዛ በፊት ሰንሰለቱ የሚዞርበትን የኋላ ጥርስ በትንሹ ከፍ ባለ ያስቀይር፤ ሩጫ ይቀንሳል፣ ዳገት ይጨምራል።

ሁለተኛ፣ ቁልቁለቱን ይይ። ሰው ሞተር ሲሞክር ዳገት ላይ ነው የሚሞክረው። የሚጎዳው ግን ሲወርድ ነው። የጎንደር ኮብልስቶን በክረምት እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። የፊት ፍሬኑ ዲስክ የሆነ ሞተር በዋጋ ትንሽ ቢበልጥም ይሻላል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ማርሽ ዝቅ አድርጎ ሞተሩ እንዲይዝ መተው፣ ፍሬኑን ላስፈላጊው ቦታ ማቆየት ነው። ማርሹን ነጻ አድርጎ፣ ሞተሩን አጥፍቶ ቤንዚን ለመቆጠብ የሚወርድ ሰው የቆጠበው የጥቂት ብር ቤንዚን ነው፤ ያስያዘው ደግሞ ሕይወቱን።

ሦስተኛ፣ ቀለቡን ይይ። ትናንሽ ባለ አራት ምት ሞተሮች ለ100 ኪሎ ሜትር ሁለት ሊትር አካባቢ ይበቃቸዋል። ማደያ ላይ ሰልፍ በበዛበት፣ ቤንዚን በሃይላንድ ተቀድቶ በመንገድ ዳር በሚሸጥበት ዘመን ይህ ቀልድ አይደለም። የሃይላንድ ቤንዚን ውሃና ቆሻሻ ሊኖረው ይችላልና ሳያጠልሉ ታንከር ውስጥ መጨመር ካርቡራተር መግደል ነው። መለዋወጫውም ቀለብ ነው። ቦክሰር በአፍሪካ ከተሞች የተስፋፋው ስላማረ አይደለም፤ ካንዴላው፣ የፍሬን ሸራው፣ ሰንሰለቱ በየሱቁ ስለሚገኝ ነው። ቲቪኤስም እንዲሁ። በመልኩ የሚያፈዝ፣ በአገሩ ሁለት ሦስት ብቻ ያለ ሞተር የገዛ ሰው አንድ ዕቃ ሲሰበርበት ከአዲስ አበባ እስኪመጣለት በባጃጅ ይሄዳል።

የኤሌክትሪክ ሞተርም እየመጣ ነው፣ ደግሞም የሚናቅ አይደለም። የአየር መሳሳት ጉልበቱን አይነካውም፣ ቤንዚን ሰልፍ አያውቅም። ዳገት ግን ባትሪውን ቶሎ ይጨርሰዋል፣ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማም ባለቤቱ ሌሊቱን ያስባል። ለከተማ ውስጥ ምልልስ ይታሰብ፤ ደባርቅ ደርሶ ለመመለስ ጊዜው ገና ነው።

▪️ ወረቀቱም ይመርመር

አራተኛው ነገር ከሁሉ ይረሳል። በዚህ አገር የሰው መጓጓዣ ብዙ ጊዜ የባለቤቱ ብቻ ሆኖ አያውቅም። በድሮው ዘመን ሠራዊት ባለፈበት ሁሉ የገበሬው እህልና ከብት ሰላም አያገኝም ነበር። ዛሬ ደግሞ ሞተር በክፉ ቀን መጀመሪያ የሚጠረጠር ነገር ሆኗል።

የአዲስ አበባ አስተዳደር በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ከዝርፊያ ወንጀል ጋር አያይዞ ፈቃድ የሌላቸው ሞተሮች በከተማው እንዳይንቀሳቀሱ ሲከለክል፣ ዕቃና መልእክት እያደረሱ የሚኖሩ ወጣቶች ሥራ በአንድ ሰሞን ተቋረጠ። ሌባው ጥቂት ነበር፣ ከሥራ የወጣው ብዙ። አባቶች "በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች" ይላሉ፤ ጥቂቶቹ ያጠፉት ጥፋት ለሁሉም ሞተረኛ ገመዱን አሳጠረው። በአማራ ክልልም ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ባለው ግጭት በተለያዩ ከተሞች የሞተርና የባጃጅ እንቅስቃሴ በየጊዜው ሲገደብ ታይቷል።

ስለዚህ ሊብሬ የሌለውን፣ በድንበር በኩል የገባውን ርካሽ ሞተር የሚገዛ ሰው ርካሽ ነገር አልገዛም። አንድ ኬላ ላይ የሚቀር ዕቃ ነው የገዛው። ሊብሬው፣ ታርጋው፣ መንጃ ፈቃዱና ኢንሹራንሱ የዋጋው አካል ናቸው። ቤተሰቡ ላም ሸጦ፣ ዕቁብ አውጥቶ የሰጠው ገንዘብ ከሆነ ደግሞ ክልከላ ሲመጣ ሞተሩ ለስንት ወር ቢቆም ቤቱ ሊችል እንደሚችል አስቀድሞ ማስላት ይገባል። ሙሉ ኑሮን በአንድ ሞተር ላይ መጫን በቅሎን ከአቅሟ በላይ መጫን ነው።

▪️ ቅዳሜና እሁድ

ደስታውስ? ደስታ አያስፈልግም ማለት ከንቱ ነው። አባቶችም ጉግስ ነበራቸው። ነገር ግን ለደስታ ትልቅ ሞተር የግድ አይደለም። መንገዱ ሰላም ሲሆን ኮሶዬ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፤ ከገደሉ ጫፍ ወደ ቆላው ቁልቁል የሚታየው እይታ ለጠዋት ጉዞ ይበቃል። ጎርጎራ በ60 ኪሎ ሜትር አካባቢ የጣናን ዳርቻ ያደርሳል፤ የደብረ ሲና ማርያም ቤተ ክርስቲያንም እዚያው ናት። ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ በ150 ሲሲ ሞተር ደርሶ መልስ በአምስት ሊትር ቤንዚን ውስጥ ያልቃል። የልቡ ፍላጎት የበዋሂትን ማለፊያ ተሻግሮ ጃናሞራ፣ ካሣ ቴዎድሮስ ተብለው በ1847 ዓ.ም. የነገሡባት ደረስጌ ማርያም ድረስ መሄድ የሆነ ሰው ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ እንደሚያልፍ ይወቅ። እዚያ ብርዱ ጣት ያደነዝዛል፣ የደነዘዘ ጣት ፍሬን አይዝም። ጓንት ከጌጥ አይቆጠርም።

በሳምንት አምስት ቀን ለሥራ፣ በወር አንዴ ለመዝናናት የሚነዳ ሰው ለአምስቱ ቀን ይግዛ። ለአንዱ ቀን ብሎ የገዛ አምስቱን ቀን ሲቸገር ይኖራል።

ከገንዘቡም ላይ አስቀድሞ የሄልሜት ዋጋ ይቀነስ፤ ከኋላ የሚቀመጥ ሰው ካለ የሁለት። የዓለም ጥናቶች ተጠቃልለው እንደሚያሳዩት ሄልሜት በአደጋ ጊዜ የመሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ ይቀንሳል። በጎንደር ጎዳና ሄልሜቱን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ የሚነዳ ወጣት ማየት የተለመደ ነው። የገዛው ለትራፊክ ፖሊስ ነው፤ ለራሱ ገና አልገዛም።

"ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም" ይባላል። ሞተርም ያው ነው። የሊማሊሞን መታጠፊያ የሚያልፈው፣ እርጥቡን ኮብልስቶን የሚያውቀው፣ "እዚህ ላይ ቀስ ልበል" የሚለው የተቀመጠበት ሰው ነው። በዚህ አገር ተራራ ላይ 400 ዓመት ያህል ከቤት ወጥቶ በሰላም የተመለሰው በቅሎ የመረጠ ሰው ነበር። ዛሬም ሻጩን "ስንት ይሮጣል?" ከማለት በፊት "ቁልቁለት ላይ እንዴት ይይዛል? ዕቃውስ የት ይገኛል?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው ማታ ቤቱ ይገባል።